የእመት ጦይባ ጋን

ከደጋው ወርዶ ከቆላውም ወጥቶ ሰው የሚገናኝባት አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ስሟ ለነገራችን አያስፈልግም፤ ሰዎቿ ግን ያስፈልጉናል። በዚያች ከተማ ሁለት ነገር ይበዛ ነበር፤ ሼኽና ነጋዴ። ሼኹ ነጋዴውን ይገሥጻል፣ ነጋዴው ሼኹን ይቀልባል፣ በሌላ በሌላው ነገር ብዙም አይስማሙም። በአንድ ነገር ግን አንድ ልብ ነበሩ፦ ሴት ልጅ ገበያ ትወጣለች እንጂ ገበያ አትመራም ይሉ ነበር። ሱብሐነላህ! እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ቅፍለት የሚልኩ ነጋዴ እንደነበሩ ኪታቡን ገልጠው ሲያስተምሩ ይውሉና፣ ኪታቡን ሲከድኑት ይረሱታል።

እመት ጦይባ የዚያች ከተማ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጅም ወንድምም አልቀረላቸውም፤ የቀረላቸው ሰፊ ግቢና ከማንም የማይዋሱት አእምሮ ነበር። ቤታቸው ከገበያው በላይ ነውና ሐሙስ ሐሙስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገበያውን ይታዘባሉ። ከባላገር ቅቤ በቅል ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ጠዋት ሲገቡ ነጋዴው ዞር ብሎም አያያቸው። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሲደርስ ግን፣ መንገዱ ሩቅ፣ ልጃቸው ቤት ውስጥ ብቻውን፣ ጅቡም ሊወጣ መሆኑን ያውቃልና፣ ያን ጊዜ እየተንቀባረረ ይመጣል። ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ዋጋውም አብሯት ያዘቀዝቃል።

"እነዚህን ልጆች የጎዳቸው ነጋዴው ብቻ አይደለም" አሉ እመት ጦይባ አንድ ቀን። "ቅቤያቸውን የሚያሳድሩበት ቤት ማጣታቸው ነው።"

ይህችን ቃል ብዙ ሰው ሰምቷት አለፈ። እሳቸው ግን ተነሡ። ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ሰው ቆሞ ቢገባበት አናቱ ብቻ የሚታይ ጋን አሠሩና ግቢያቸው ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ጎተራ አስገቡት። እናት ጋን አሉት። ከዚያ ለባላገር ሴቶች እንዲህ ሲሉ ላኩባቸው፦ "ቅቤያችሁን እዚህ አምጡ። አብረን እናነጥረዋለን፣ በአንድ ጋን እናጠራቅመዋለን፣ ዋጋው ደግ ሲሆን በአንድ ድምፅ እንሸጠዋለን። ከሁሉ በፊት የምትወጣው ጭልፋ የየቲም፣ አባት የሌለው ልጅ ናት። ትልቅ ቅል ያመጣችም ትንሽ ቅል ያመጣችም እዚህ እኩል ቃል አላት።"

ነጋዴዎቹ ሳቁ። "የሴት ጋን ክዳን የለውም" ተባባሉ፤ ምስጢርም ንብረትም አይጠብቁም ለማለት ነው። ሳቁን ጨርሰው ቀና ሲሉ ግን ገበያው ውስጥ ቅቤ የለም! ሁሉም እመት ጦይባ ግቢ ገብቷል። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ያነጥራሉ፣ ኮሰረቱን ይቀነጥባሉ፣ አሰሩን ያጠልሉታል፤ ልጆቻቸውም እዚያው በልተው ቁርኣን ይቀራሉ። የዚያ ግቢ ቅቤ መልካም ስም አወጣ፣ ስሙም ከከተማዪቱ አጥር ውጭ ተሰማ።

ከግቢው ሴቶች መካከል ሽኩሪያ የምትባል አንዲት ወጣት ነበረች። ባሏ በንዳድ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ቀርታለች። እመት ጦይባ እጇን አይተው የጋን ጠባቂ አደረጓት። ይህ በዚያ ግቢ ትልቅ ሹመት ነው። ትኩስ ቅቤ ከተገለበጠ በኋላ ቶሎ አይከደንም፤ ከተከደነ እንፋሎቱ ላብ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብበትና ያበላሸዋል። ስለዚህ ቅቤው እስኪረጋ ድረስ ጠባቂዋ ዚክር እያለች፣ በቅጠል ዝንብ እየከለከለች፣ ከጋኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ሲረጋ በቆዳ ከድና በጠፍር ታስራለች፤ ያኔ ብቻ ትነሣለች። እንግዲህ ሽኩሪያ ይህን ሥራ ትወደው ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ያመናት እዚያ ጋን አጠገብ ነው።

በዚያ ዓመት ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ፣ እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ የሚነግዱ የቅፍለት አለቃ፣ የግቢውን ቅቤ ጠቅልለው ሊወስዱ ተስማሙ። እስከዚያ ቀን የሴቶች ቅቤ በሴቶቹ ስም ከከተማዪቱ ወጥቶ አያውቅም። ሐጂ ሙዘይን ደግሞ በቀላሉ የሚታለሉ ሰው አልነበሩም። ከእጃቸው የማትለይ ቀጭን የወይራ ዘንግ አለቻቸው፤ ቅቤ ሲገዙ እስከ ጋኑ ወለል ሰድደው ያወጧትና፣ ከሥር ሞራ ተደባልቆ እንደሆነ ያሸቷታል። ብዙ ወንድ ነጋዴ በዚያች ዘንግ ፊት አፍሯል።

ለሽኩሪያ ግን ነገሩ ከስምም በላይ ነበር። የሟቹ ባሏ ወንድም ይማም "ወግ ነው፤ የወንድሜ ሚስት ከእኔ ቤት ትግባ" ብሎ ይዟት ነበር። እሷ አትፈልገውም። "ራሴንም ልጄንም አሳድራለሁ" ብትለው፣ "ቅፍለቱ ቅቤያችሁን ይዞ ሲወጣ አያለሁ፤ ካልወጣ ግን ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትመጫለሽ" ብሎ ቀጠራት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አፈረች። ሰው አጥር ሆኖላት ሳለ አጥር እንደሌላት ዝም አለች።

ቅፍለቱ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ቅቤ ተነጥሮ እናት ጋን ውስጥ ተገለበጠ። ሽኩሪያም እንደ ልማዷ አጠገቡ ተቀመጠች። የመግሪብ አዛን ሲል የይማም ድምፅ ከደጃፍ ተሰማ። ልጅቱን በእጁ ይዟታል።

"ነገ ዛሬ ማለት ምንድን ነው? ልጅቱን ዛሬ ልውሰዳት፤ አንቺ ነገ ትከተያለሽ" ይላል።

ሽኩሪያ ቅጠሏን ጥላ በረረች። እናት ናትና ማን ይፈርድባታል? ደጃፍ ላይ ተጨቃጨቁ፣ ልጅቱ አለቀሰች፣ ጎረቤት መጣ፣ በስንት ልመና ልጇን ከእጁ አስጣለች። ወደ ጎተራው ስትመለስ ብርዱ ገብቷል፤ ቅቤው ረግቷል። መብራትም ሳትይዝ ከደነችና አሰረች። ከዚያ ሰላቷን ሰግዳ ልጇን አቅፋ ተኛች።

ጠዋት ግቢው ሠርግ መሰለ። በቅሎዎቹ ተሰልፈዋል፣ ስልቻዎቹ ተዘርግተዋል፣ ባላገር ሴቶች ነጭ ለብሰው መጥተዋል፤ ነጋዴዎቹም "እስቲ እንይ" ብለው ደጃፉን ሞልተውታል። እመት ጦይባ ከዘራቸውን ይዘው ከጋኑ ፊት ቆሙ። ክዳኑ ተፈታ።

ከረጋው ቅቤ ላይ፣ ግማሽ ጎኗ ገብቶ ግማሽ ጎኗ ወጥቶ፣ አንዲት አይጥ ሞታለች።

ወይ ጉድ! እልልታው ከአፍ ላይ ደረቀ። ከደጃፍ አንዱ ነጋዴ "አላልኩም? ክዳን የለውም አላልኩም?" ብሎ ሲስቅ ተሰማ። እመት ጦይባ ግን ዘወር ብለውም አላዩት። "ሼኽ ጀውሀርን ጥሩልኝ" አሉ።

ሼኽ ጀውሀር የከተማዪቱ ሙፍቲ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ቀስ ብለውም የሚናገሩ ሰው። መጡና ጋኑን አዩ።

"በሐዲስ የመጣው ግልጽ ነው" አሉ። "ቅቤው የረጋ ከሆነ አይጧንና ዙሪያዋን አውጥታችሁ ትጥላላችሁ፤ የቀረው ሐላል ነው። ፈሳሽ ሳለ ከገባች ግን ሁሉም ተነጅሷል፤ አይበላም፣ አይሸጥም። የጋኑ ጠባቂ ማን ነበረች?"

"እኔ ነኝ" አለች ሽኩሪያ።

"ስትከድኚው ረግቶ ነበር?"

"አዎን፣ ረግቶ ነበር።"

ውሸት አልነበረም። ስትከድነው ረግቶ ነበር። ግን ከመክደኗ በፊት የሆነውን ሼኹ አልጠየቋትም፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ እውነት አለ፤ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ሆድ ውስጥ የሚቀር።

"እንግዲያው አልሐምዱሊላህ፤ ዙሪያውን አውጡና ጫኑ" ብለው ሼኽ ጀውሀር ሄዱ። እልልታው ዳግመኛ ቀለጠ። ሐጂ ሙዘይንም ዘንጋቸውን ሰድደው አሸተቱና "ጥሩ ቅቤ ነው" አሉ።

ቅቤ ወደ ስልቻ ሲገለበጥ በዚያ ግቢ አንድ ወግ አለ። የመጀመሪያዋን ጭልፋ፣ የየቲሟን ማለት ነው፣ የምታወጣው የጋኑ ጠባቂ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቢስሚላህ ትላለች፣ ሌሎቹም ተቀብለዋት ሥራ ይጀምራሉ። ሽኩሪያ ጭልፋውን ተቀበለች። ከቅቤው ላይ አደረገችው። አፏን ከፈተች። ቢስሚላህ አልወጣ አላት።

ሴቶቹ ጠበቁ። እንደገና ሞከረች። አሁንም አልወጣም። ልጇን አየቻት፤ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታጨበጭባለች። ዛሬ ቅፍለቱ ካልወጣ ይህች ልጅ ማታ ይማም ቤት ናት። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ፈትዋው ወጥቷል። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

እመት ጦይባ "ፀሐይ መታት" ብለው ክንዷን ያዙና ከጎተራው ጓሮ ወሰዷት።

"ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

ሽኩሪያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ዘረገፈችው። የይማምን ቀጠሮ፣ የመግሪቡን ጭቅጭቅ፣ ጋኑን ፈሳሽ ሳለ ትታው መሄዷን፣ ያለ መብራት መክደኗን። "አይጧ ፈሳሽ ሳለ ገብታ ይሆናል፤ ረግቶም ገብታ ይሆናል፤ አላውቅም እመትዬ። ወላሂ አላውቅም። አላየሁም" አለች።

እመት ጦይባ ከዘራቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። የስንት ዓመት ልፋታቸው እዚያ ጋን ውስጥ ነበር፤ ጉልበታቸውም ሌላ ያን ያህል ዓመት እንደማይሰጣቸው ያውቁታል። በነጠላቸው ጫፍ የሽኩሪያን ፊት ጠረጉ።

"የይማምን ነገር እስከ ዛሬ ስትደብቂኝ አዝኛለሁ። የጋኑን ነገር ዛሬ ስትነግሪኝ ግን ኮርቻለሁ" አሉ። "አሁን ለእነሱ ማን ይንገራቸው? እኔ ወይስ አንቺ?"

"እኔ" አለች ሽኩሪያ። ተነሥታም ወደ ሴቶቹ ሄደች።

ነገረቻቸው። በሁሉም ፊት፣ በነጋዴዎቹም ፊት፣ ቅፍለቱ መውጣት አለመውጣቱን ለማየት በመጣው በይማምም ፊት። ግቢው ጩኸት ሆነ። አንዷ "ወይኔ ልፋቴ!" ብላ ራሷን ያዘች። ሌላዋ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! እሷ ትታው ሄዳ እኛ እንክሰር?" አለች።

ሐጂ ሙዘይን ወደ እመት ጦይባ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እመት፣ ልጅቱ 'አላየሁም' ነው ያለችው። ሼኹ ፈርደዋል፤ ፈትዋው በእጅዎ ነው። በቅሎዎቼ ቆመዋል።"

"ሼኹ የፈረዱት በሰሙት ነው" አሉ እመት ጦይባ። "እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰማሁ። ሐጂ፣ ይህ ሰው ገዝቶ 'ሐላል ነው' ብሎ ልጁን የሚያበላው ነገር ነው። እኔ የተጠራጠርኩትን እሱ ሳያውቅ እንዴት ላጉርሰው?"

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ትርፍ ሲመጣ 'አንድ ጋን ነን' ስንል ኖረናል። ዛሬስ? ትርፉ የሁላችን፣ ጥፋቱ የሽኩሪያ ብቻ ነው? ጠባቂ አንድ ብቻ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ተተኪ አላደረግኩላትም። ጥፋት ከተባለ ከእኔ ጀምሩ።"

ራሷን የያዘችው ሴት እጇን አወረደች።

ሐጂ ሙዘይን ተናደዱ፤ ባዶ በቅሎ ይዞ መመለስ ለነጋዴ ሞት ነው። ኮርቻቸው ላይ ሆነው "የሴት ጋን ክዳን የለውም ሲሉ አላምንም ነበር" ብለው ወጡ። ነጋዴዎቹ ያን ቃል እንደ ዘፈን ተቀባበሉት። እመት ጦይባ አልመለሱም። ሶብር ያለው ሰው መልሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው።

ሼኽ ጀውሀር ነገሩን ሲሰሙ እንደገና መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ፈጠን ብለው። "ፈትዋዬን ከእሳት አወጣችሁልኝ፤ አላህ ይውደድላችሁ" አሉ። "ቅቤው ለመብል አይሆንም። ለመብራት ግን ይሆናል፤ በመስጂድ ሳይሆን በየቤታችሁ።" ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሞ የነበረውን ይማምን ጠሩት። "አንተ ልጅ፣ ሴት እንደ ላም አትወረስም። ይህን ቁርኣን ነው የከለከለው፣ እኔ አይደለሁም። ዒዳዋን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆየውን ጊዜ፣ ጨርሳለች፤ ካልፈቀደች ማንም አይነካትም። ወግ ብለህ የያዝከውን ወግ ከሸሪዓ ፊት አታምጣብኝ።" ይማም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሽኩሪያ ይህን ሁሉ ወራት ስትፈራው የኖረችው ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲያልቅ እያየች፣ ለምን ቀደም ብዬ አልተናገርኩም ብላ አለቀሰች።

ያን ቀን ሴቶቹ ቅቤውን እየጨለፉ መብራት ለሌለው ሁሉ አደሉ። ሲመሽ ከተማዪቱ ከዳር እስከ ዳር በራች። ኩራዝ ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ድሀ ሁሉ በዚያ ምሽት የልጁን ፊት በብርሃን አየ። እመት ጦይባ ግን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚያስቡት ሌላ ነበር፦ ሐሙስ ባላገር ሴቶች ይመጡ ይሆን? ወይስ ማምሻ ላይ ወደሚገዟቸው ነጋዴዎች ይመለሳሉ?

ሐሙስ ደረሰ። ጋኑን በእንዶድና በፈላ ውሃ አጥበው አድርቀውታል። እመት ጦይባና ሽኩሪያ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ረፋድ ሆነ፤ ማንም የለም። ነጋዴዎቹ ከታች እያዩ ይሳሳቃሉ። ዙሁር ሊሆን ሲል አንዲት ሴት ዳገቱን ወጣች። ከሁሉም ድሀ የሆነችው፣ ትንሽዋን ቅል የምታመጣው ዘምዘም ናት፤ ያን ዕለት "አይጥ በበላ" ብላ የጮኸችው።

ቅሏን ከእመት ጦይባ እግር ሥር አስቀመጠች። "ከታች 'አምጪ እንግዛሽ' አሉኝ" አለች። "ለነጋዴ ስሸጥ አረጀሁ። አንዱም እንኳ ስለ እሱ ጋን አይጥ ነግሮኝ አያውቅም። መቼም እነሱ ቤት አይጥ የለም አይባል!"

እመት ጦይባ ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። ከዘምዘም ኋላ ሌላዋ መጣች፣ ከእሷም ኋላ ሌሎቹ፤ ዳገቱ በነጭ ልብስ ተሞላ። የተነጠረው ቅቤ ጋኑ ውስጥ ሲገለበጥ ሁሉም "ዛሬስ ማን ይቀመጥ?" ብለው ተያዩ።

"ሽኩሪያ ናታ" አሉ እመት ጦይባ። "ዘምዘም ደግሞ ተተኪ ትሁናት። ልጇን ሊወስዱባት ሲመጡ እንኳ እውነቱን ያልሸጠች ጠባቂ ከየት አምጥቼ ልሾም?"

በተከታዩ በጋ ሐጂ ሙዘይን ተመለሱ። በቅሎዎቻቸው ከዱሮው በዝተዋል። ነጋዴዎቹ ሊያዩ ተሰበሰቡ። ሐጂ ሙዘይን ግቢው ሲገቡ እጃቸው ባዶ ነበር፤ የወይራ ዘንጋቸው የለችም።

"ዘንግዎ የት ሄደች?" አሉ እመት ጦይባ።

"ባሕር ዳርቻ 'የጠበቅነው ቅቤ የታለ?' ብለው ያዙኝ" አሉ ሐጂ ሙዘይን። "ምን ልበላቸው? እውነቱን ነገርኳቸው። ፈትዋ በእጃቸው ሳለ፣ በጥርጣሬ ብቻ፣ የዓመት ልፋታቸውን ለኩራዝ አደሉት አልኳቸው። ተሳለቅሁባችሁም። አንድ ሽማግሌ ግን ተነሣና 'አንተ ሰው፣ ከዚያ ቤት የሚገኘውን አምጣልኝ፤ ከሌላ ቤት የምታመጣውን ራስህ ብላው' አለኝ። ሌሎቹም ያንኑ አሉ። ዘንጌን እዚያው ጣልኳት፤ እዚህ ግቢ ምን ልትሠራልኝ? እመት፣ ያን ቀን የተናገርኩትን ቃል አንሡልኝ፤ አውፍ በሉኝ።"

እመት ጦይባ ወደ ጎተራው አመለከቱ። እዚያ፣ ከእናት ጋን አጠገብ፣ ሽኩሪያ ቅጠሏን ይዛ ዚክር ትላለች፤ ልጇ ከጎኗ ሆና የእናቷን ከንፈር እያየች አብራ ትላለች።

"አውፍ ብያለሁ፤ ቃሉ ግን ስሕተት ነበር" አሉ። "የእኛ ጋን ክዳን አለው ሐጂ። ያቻትና ተቀምጣለች።"

እመት ጦይባ ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ የእሳቸው ቃል እዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን ትንሽ እንጨምርበት። ዛሬ ቅመም ፈጭታችሁ፣ ወተት አከፋፍላችሁ፣ ልብስ ሰፍታችሁ ቤት ያቆማችሁ እህቶች አላችሁ፤ ከአንድ ጓዳ ተነሥታችሁ ስንቱን የቲም የምታበሉ። ሰው ስታድጉ ያያችሁና "ምን ይዘው ነው?" ይላል። የያዛችሁት ሰው ነው፤ ያመናችሁት፣ አምኖም ያልካዳችሁ። ሥራ የሚጠፋው ስሕተት ስለተገኘበት የሚመስለን ብዙዎች ነን። ስሕተት ከማንም ቤት ይገባል፤ አይጥ በር አንኳኩታ አትገባም። በረካው የሚነሣው ስሕተቱን ያየችው ሴት ብትናገር ልጇን የምታጣበት ቤት ሲሆን ነው። እመት ጦይባ ቅቤውን ያጡት በአንድ ጠዋት ነው፤ ሽኩሪያን በዚያ ጠዋት ቢያጡ ኖሮ ግን ጋኑ እስከ ዛሬ ባዶ ነበር። አላህ ለእነሱ ይዘንላቸው፣ የእናንተንም ሪዝቅ ያስፋው፤ እኛን ወንዶቹንም ቢያንስ ደጃፍ ላይ ቆመን ከመሳቅ ይጠብቀን።